የሁለት ከተማ ነጭ ጨርቅ

ወጥ ቤት ስገባ አማቴ ወለሉ ላይ ተዘርረው መሞት ይለማመዱ ነበር። አንድ እጃቸው ከማቀዝቀዣው ሥር ገብቷል፣ ምላሳቸው ወጥቷል፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ፈጧል። እኔ ያቺን ቅጽበት ስፈራ ዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። የያዝኩትን የእንቁላል ካርቶን ለቀቅኩት፤ ያውም አንድ ደርዘን እንቁላል ሰባት ዶላር በገባበት ወር።

«አይ ኦዲልያ!» አሉ አንገታቸውን ከወለሉ ቀና አድርገው። «ለሬሳ እንዲህ ከደነገጥሽ ለቁስለኛ ምን ልትሆኚ ነው?»

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይነሱ! ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይቀልዳል?»

«ቀልድ አይደለም፣ ሥራ ነው። ይከፈለኛል።»

ባሌ ጓልተር ጠረጴዛው ላይ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላየ። «ንገሪው» አለኝ፤ «ወገቡን ከያዘው እኔ አላነሳውም።» አማቴም ከወለሉ ላይ ሆነው፣ «ንገሪው» አሉኝ፤ «እሱ እንዲያነሳኝ የጠየቀው የለም።» ቤታችን ውስጥ ነገር የሚያልፈው እንዲህ ነው። አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጨው እንኳን የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነው። የተጣሉበትን ምክንያት እኔ አላውቀውም፤ እነሱም የረሱት ይመስለኛል፣ ዝምታውን ብቻ ነው ያልረሱት። ጓልተር ኮፍያውን አድርጎ ወደ ዓሣ ፋብሪካው ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና ወደ አባቱ አየ። የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ካፖርት ይልበስ፣ ውጭው ይቀዘቅዛል» አለኝ፣ ለእኔ። በሩን ዘጋና ሄደ። እኔም እንቁላሉን ከወለሉ ላይ ጠረግኩ።

የዚያን ቀን ታላቁ ልምምድ ነበር። በእኛ ከተማ በቶርሊና ከወንዙ ማዶ ባለችው በኬልበርን መካከል አብሮ የተሠራ ነገር ተብሎ የሚጠራ ቢኖር ድልድዩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ማን ይቀባው እየተባለ ሲያከራክር ዝጎ ነው ያለው። ነገር ግን ዋሽንግተን ለአገር ውስጥ ደህንነት የምትሰጠውን ገንዘብ እንደኛ ላሉ ትንንሽ ከተሞች ለየብቻ አትሰጥም። አብራችሁ ጠይቁ፣ አብራችሁ ግዙ፣ አብራችሁ አስተዳድሩ ትላለች። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በኮሚቴውም ከእኛ በኩል የእሳት አደጋ ኃላፊው ብሬንዳን ኮይል፣ ከእነሱ በኩል ወይዘሮ ዊትኮምብ ተቀመጡ። ገዙም። የገዙት እንደ ቤት የሚረዝም፣ ውስጡ በቴሌቪዥን የተሞላ የአደጋ ጊዜ ማዘዣ መኪና ነው። መኪናው ከመጣ በኋላ በላዩ ላይ የማን ከተማ ስም ይቅደም በሚለው ክርክር ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ በቀኝ ጎኑ ቶርሊ፣ በግራ ጎኑ ኬልበርን እንዲቀድም ተስማሙና ጋዜጣ ላይ ተጨባብጠው ፎቶ ተነሡ። ግማሹን ዓመት እኛ ጋ፣ ግማሹን እነሱ ጋ ያድራል። የእኛ መንገድ ምድር ቤቶች ግን በየፀደዩ ወንዙ ሲገባባቸው ውሃ መሳቢያ ስጡን ብለን ስንሄድ፣ «ያ ገንዘብ ለአሸባሪ ብቻ ነው የሚወጣው» ይሉናል። አሸባሪ ቶርሊ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ውሃ ግን የልጆቼን አልጋ ሲያነሳ አይቻለሁ።

ልምምዱ ያስፈለገው ከዋሽንግተን የሚመጡት ሰዎች ሁለቱ ከተሞች በእርግጥ አብረው መሥራታቸውን በዓይናቸው ማየት ስላለባቸው ነው። ፈንጂ ፈነዳ ይባላል፤ ሰዎች ቆሰሉ ይባላል፤ የእኛን ቁስለኞች የኬልበርን ሰዎች ያክማሉ፣ የእነሱን የእኛ። ለዚህ ቁስለኛ የሚሆን ሰው ተፈለገ። ለአንድ ሰው የአርባ ዶላር የሱፐርማርኬት ኩፖንና ምሳ ተባለ። አማቴ ይህንን በቤተ ክርስቲያኑ የወንዶች ክበብ ሰምተው ወጣት ሆነው መጡ። ወጣት ሳሉ በተወለዱባቸው ደሴቶች በመንፈስ ቅዱስ በዓል ሰልፍ ላይ ዘውድ ተሸክመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት የመቆም ዕድል አላገኙም። ብቻቸውን ልሰዳቸው አልቻልኩም። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አብሬ ተመዘገብኩ። ልጆቼን እህቴ ጋ ሳደርስ፣ «ደግሞ አባባ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ምን ይሆናሉ ብዬ እንደሆነ ብዘረዝርላት እስከ ማታ አልጨርስም ነበር።

የእኛን ከተማ ቁስለኞች ያሰናዱን በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነው። የቲያትር ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ በቀይ ሽሮፕ የአማቴን ሸሚዝ ደም በደም አደረገችላቸውና ፊታቸውን አመድ ቀባቻቸው። እሳቸው መስታወቱ ፊት ቆመው አገጫቸውን ወዲህ ወዲያ ያዞራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንገታችን ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ሰጡን። የእሳቸው፣ «ደረቱ ቆስሏል፤ ይተነፍሳል፤ መናገር ይችላል» ይላል። የእኔ ደግሞ፣ «አልቆሰለችም። አባቷን ትፈልጋለች። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ሠራተኞችን ታውካለች።»

አማቴ አነበቡትና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ምን ያለማምዱሻል? አንቺ እኮ ይህንን ሃያ ዓመት ስትሠሪው ኖረሻል!»

ኮይል መድረኩ ላይ ወጥቶ ገለጻ ሲጨርስ፣ ጥያቄ ያለው አለ? አለ። እጄን አነሳሁ። ከኋላዬ ጎረቤቴ ፊሎሜና፣ «ጀመረች!» ስትል ሰማሁ። «መሐል ላይ ሰው በእውነት ቢታመምስ?» አልኩ። «ሁላችንም ደም ተቀብተናል፣ ሁላችንም እንጮኻለን። በምን ይለያል?» አዳራሹ ሳቀ። ኮይል ግን አልሳቀም፤ ይህንን ልመሰክርለት ይገባል። ከሳጥን ውስጥ የመሐረብ ያህል ነጭ ጨርቅ አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየን። «ለዚህ ነው ይህ የተገዛው» አለ። «በእውነት የታመመ ሰው ይህን ከፍ ያደርጋል። ነጭ ጨርቅ ከታየ ሁሉም ነገር ይቆማል።» ለሁላችንም አንድ አንድ ታደለን። ጥርት ያለ፣ ጠርዙ በሰማያዊ የተሰፋ። እኔ ማንም የሚለኝን የማላምን ሴት፣ ሐኪም «ደህና ነሽ» ሲለኝ ሌላ ሐኪም የምፈልግ ሴት፣ ያን ጊዜ አመንኩ። አማቴ ጨርቁን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደ ሙሽራ ሰኩት።

ቦታው በሁለቱ ከተሞች ወሰን ላይ ያለው የተዘጋው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ነው። ድሮ ለልጆቼ የትምህርት ቤት ጫማ የምገዛበት፤ አሁን በተሰነጠቀው አስፋልት መሐል ሣር ወጥቶበታል። ከአንድ ማሽን ጭስ ይወጣል። ከገመድ ማዶ ድንኳን ተተክሎ የዋሽንግተን እንግዶች በወረቀት ኩባያ ትኩስ ነገር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከድንኳኑ አጠገብ ያ መኪና ታጥቦ እያብረቀረቀ ቆሟል፤ እንግዶቹ የአንዱን ከተማ ስም ከሌላው አስቀድመው እንዳያዩ ፊቱን ወደ እኛ፣ ጀርባውን ወደ እነሱ አዙረውታል። አማቴን አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር አስቀመጧቸው። ካፖርታቸውን ልደርብላቸው ስል ደሙን ይሸፍናል ብለው ከለከሉን። እኔን ከጭሱ ማዶ ራቅ አድርገው አቆሙኝ፣ እየፈለግኳቸው እንድመጣ።

ሳይረኑ ሲጮህ እኔም ጮኽኩ። እውነቱን ለመናገር መጮኹ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅሽን ቀንሺ ስባል የኖርኩ ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት እንደልቤ ስጮህ ማንም አልተቆጣኝም፤ አንዷ የኬልበርን ሠራተኛ እያለፈች ጭራሽ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ወዲህና ወዲያ ሮጥኩ፣ የሰው እጅጌ ጎተትኩ፣ «አባቴን አያችሁ?» አልኩ። ከዚያ ጭሱ ሲገለጥ አየኋቸው። ምሰሶውን ተደግፈዋል። ግራ እጃቸው ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ በእጃቸው ነጩ ጨርቅ አለ። እየተውለበለበ አልነበረም። ልክ ክፍል ውስጥ መልስ የሚያውቅ ተማሪ እጁን እንደሚያነሳ፣ ቀጥ አድርገው ይዘውት ነበር። ሁለት የኬልበርን ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው በአጠገባቸው አለፉ። ጨርቁን አዩት። አልፈው ሄዱ።

ስደርስ የቀኝ አፋቸው ወደ ታች ወርዷል። ምራቅ በአገጫቸው ይፈሳል። ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭናቸው ላይ ወድቋል። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ዓይናቸው ግን እኔን ያውቀኛል። ፈርተዋል። እኚህ ሰውዬ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የኬልበርን ሕክምና ሠራተኛ የሆነ አንድ ወጣት እየሮጠ ሲያልፍ በክንዱ ያዝኩት።

«ና! ና ልጄ! አባባን እያቸው፣ አፋቸው ተጣመመ!»

«አይቻለሁ እናቴ። ጎበዝ ናችሁ፣ ሜካፑም አንደኛ ነው።»

«ሜካፕ አይደለም! ነጩን ጨርቅ አንሥተዋል፣ አታይም?»

«አየሁ እንጂ። ነጭ የያዘ ማለት ታክሞ ያለቀለት ነው፣ አልፋችሁ ሂዱ ተብለናል። እሳቸውን የጨረሰ ሰው አለ።»

«ማን ነው የጨረሳቸው? ማንም አልነካቸውም! ስትሮክ ነው እኮ ነው የምልህ!»

ልጁ ወደ አንገቴ ጎንበስ ብሎ ካርዴን አነበበ። ፈገግ አለ። «‹ሠራተኞችን ታውካለች።› በደንብ እያወኩኝ ነው፣ ምልክት አደርግልዎታለሁ» አለና ሮጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የነገሩትን ነው የሠራው፤ በወንዙ ማዶ የነገሩትን።

ካርዱን ከአንገቴ በጥሼ ጣልኩት። ያቺ አውራ ጣቷን ያሳየችኝ ሴት ከኋላዬ ደርሳ፣ «ካርድዎ ወደቀ» ብላ አንሥታ መልሳ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ቋጠሮውንም ጠበቅ አደረገችው። «ልምምድ አይደለም!» አልኳት ፊቷ ላይ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለችኝ በሐዘኔታ። ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ፤ ኮይል እንግዶቹን በጣቱ አንድ ነገር ያሳያቸዋል። ገመዱ ጋ ያለው ፖሊስ እጁን ዘረጋብኝ፤ ቁስለኛ ከገመዱ አያልፍም አለኝ። «ኮይልን ጥራልኝ፣ ሰው እየሞተ ነው!» አልኩት። «ዛሬ ብዙ ሰው ነው የሚሞተው፣ እትዬ» አለኝና የራሱ ቀልድ ደስ አለው። ስልኬን አወጣሁ። የአደጋ ጥሪውን ያነሳችው ሴት አድራሻውን ስነግራት ድምፅዋን አለዘበች። «በዚያ ቦታ የሁለቱ ከተሞች የጋራ ልምምድ እየተካሄደ ነው» አለችኝ። «የልምምዱ ተሳታፊዎች ወደዚህ ቁጥር እንዳይደውሉ ይጠየቃሉ። አመሰግናለሁ።» ዘጋችው።

ዞር ስል የአማቴ እጅ አሁንም ተነሥቷል። ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልወረደም። ነጭ ጨርቅ ከታየ ሁሉም ነገር ይቆማል ተብለዋል፤ እሳቸውም ሁሉም ነገር እስኪቆም እየጠበቁ ነው።

ከተሰነጠቀው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የወለቀ ሲሚንቶ አነሳሁ። ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። ፖሊሱ ሳይገባው በገመዱ ሥር አለፍኩና የዚያን መኪና የፊት መስታወት መታሁት። አንዴ ሲሰነጠቅ፣ ደገምኩት።

ሁሉም ነገር ቆመ። ፊሽካ ከአራት ቦታ ተነፋ፤ የጭሱ ማሽን ጠፋ፤ ቁስለኞቹ ተነሥተው ተቀመጡ፤ እንግዶቹ ኩባያቸውን አስቀመጡ። ኮይል ከአንድ ወገን፣ ወይዘሮ ዊትኮምብ ከሌላ ወገን እየሮጡ መጡ፤ እኔ እስከማውቀው ሁለቱ ከተሞች በእርግጥ አብረው ሲሠሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፖሊሱ እጆቼን ወደ ኋላ ይዞኛል።

«ኦዲልያ! አበድሽ? የጋራ ንብረት እኮ ነው! የሁለት ከተማ ንብረት!»

«እሳቸውስ?» አልኩት በአገጬ እያሳየሁት። «እሳቸው የማን ናቸው?»

ኮይል ያኔ ዞሮ አየ። የተነሣውን ጨርቅ አየ። ፊቱ ሲነጣ አየሁት፤ ከዚያ እሱ ራሱ እየጮኸ ሮጠ።

ሆስፒታል ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የተዘጋው ደም ሥር ተከፍቷል፤ ይተርፋሉ። ንግግራቸውና ቀኝ ጎናቸው ግን፣ አለችና ቆመች። «እንዲህ ዓይነት ሕመም ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ሲጀምራቸው አጠገባቸው ሰው አልነበረም?» የአንድ ክፍለ ከተማ ያህል ሕዝብ ነበር አጠገባቸው። ሐኪም ነበር፣ አምቡላንስ ነበር፣ ቃሬዛ ነበር፣ ሁለት ከተማ ሙሉ ነበር። ይህንን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ድምፅ አልወጣልኝም። ቀኑን ሙሉ ጮኼው አልቆ ነበር።

ጓልተር ከፋብሪካው በሥራ ልብሱ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ መጣ። አባቱ፣ የፊታቸው አመድ በከፊል ብቻ ተጠርጎ፣ ትራስ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ግራ እጃቸው ነጩን ጨርቅ ጨብጧል፤ ነርሶቹ ሊያስለቅቋቸው ሞክረው ትተውታል። ጓልተር አልጋው እግር ሥር ቆመ። «ንገሪው…» አለኝ፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ የሚያስከትለው ነገር ጠፋው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። ሦስታችንም የለመድነውን ዝምታ ዝም አልን፤ ግን የዚያን ቀኑ ዝምታ ሌላ ነበር፤ አባባ ቢፈልጉም ሊሰብሩት የማይችሉት ዓይነት።

አመሻሹ ላይ ኮይልና ወይዘሮ ዊትኮምብ አንድ እቅፍ አበባ ለሁለት ይዘው መጡ። ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ። ወይዘሮ ዊትኮምብ በኬልበርን ነጭ ጨርቅ ምንጊዜም ታክሞ ላለቀለት ሰው እንደሆነ፣ ከእሷ በፊት ጀምሮ እንደዚያ እንደነበረ ነገረችኝ። ኮይል በቶርሊ ደግሞ ምንጊዜም ለእውነተኛ ሕመምተኛ እንደሆነ ነገረኝ። ጨርቁን ግን አብረው ነው የገዙት፤ አንድ ሳጥን፣ ለሁለት። የምልክቶቹ ጉዳይ በኮሚቴው አጀንዳ ላይ ነበር፤ የመኪናው ስም ጊዜ ስለወሰደ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፎ ነበር። ይህንን ሲነግሩኝ እርስ በርስ አይተያዩም። ስለ መስታወቱ እንዳላስብ፣ ክስ እንደማይኖር አጽናኑኝ። እኔ ስለ መስታወቱ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ኮይል ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦዲልያ፣ አንድ ትንሽ ነገር። ጨርቁ። በድጋፉ ገንዘብ የተገዛ ማንኛውም ዕቃ እንግዶቹ ከመሄዳቸው በፊት ተሟልቶ መታየት አለበት። ሁሉም ተመልሷል፣ የእሳቸው ብቻ ነው የቀረው።»

እኔ ሁልጊዜ ክፉውን ነው የማስበው፤ ሁሉም ይህንን ይነግረኛል። ስለዚህ ጨርቁ ለምን እንደተፈለገ እኔም ያሰብኩትን አሰብኩ። ነጭ ጨርቅ ከሌለ የተነሣ ጨርቅ አልነበረም። ካልተነሣ ደግሞ አይቶ ያለፈ ሰው የለም።

«ግቡና ራሳችሁ ውሰዱት» አልኳቸው።

ኮይል ገባ። ከልቡ አፍሮ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘና ቀስ አድርጎ ሳበ። አልመጣም። ጠንከር አድርጎ ሳበ። የአማቴ ዓይን ተከፈተ። ኮይልን አዩት፣ ለረጅም ጊዜ። ጨርቁን ጠበቅ አድርገው ጨበጡ፤ ከዚያ ያ ክንዳቸው ከአልጋው ተነሣ፣ ከኮይል ጣቶች ተመንጭቆ ወጣ፣ ወደ ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ ልክ በአዳራሹ እንዳሳያቸው።

ኮይል ባለበት ቆመ። ወይዘሮ ዊትኮምብም በሩ ላይ ቆመች።

ጓልተር ከአልጋው እግር ሥር ተነሥቶ መጣ። እኔን ሳያይ፣ በእኔ በኩል ሳያሳልፍ፣ የአባቱን ክንድ ከክርናቸው ሥር ደግፎ ያዘው።

«እንዳትለቀው፣ አባዬ» አላቸው። «ይዤልሃለሁ። እንዳትለቀው።»